የተራበች ሕፃን እየጾመች ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በማኅበራችን በዓለም ላይ ለሚራቡ ሕፃናት እንጸልያለን። አንዳንዶች ግን «ረሃባቸው እንደ ጾም ይቆጠርላቸዋል» ይላሉ። ድርሻዋን ለወንድሞቿ ትታ ጦሟን የምታድር ልጅስ የትሕትና ዋጋ የላትም ወይ?

መልስ፦ ልጄ፣ የጾሙን ሥርዓት ስለምታውቂው አልደግምልሽም። ይህን አነጋገር ግን ስንት ጊዜ ሰማሁት፤ በሰማሁት ቁጥር ያመኛል። የሚጾም ሰው መብላት እየቻለ ስለ እግዚአብሔር ብሎ ይተዋል። ሕፃኑ ምን ተወ? አጥቶ ነው እንጂ!

ክር ውሰጂና 11.5 ሴንቲ ሜትር ለክተሽ ጫፍና ጫፉን አገናኚው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከዚያ ቀለበት ካነሰ፣ የጤና ባለሙያዎች መለኪያ ቀዩን ቀለም ያሳያል፤ ልጁ በብርቱ ተጎድቷል፣ ካልታከመም ሊሞት ይችላል። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ከሚሞቱት ሕፃናት በግማሽ ያህሉ ሞት የምግብ እጥረት እጁ አለበት። ይህን እንዴት ጾም እንለዋለን?

የሴት ልጆች ነገር ደግሞ ይብሳል። በብዙ አገር ምግብ ሲያንስ መጨረሻ የምትበላው ሴቷ ልጅ ናት፤ አንድ ጉሮሮ ይቀንስልን ተብላም ያለ ዕድሜዋ ትዳራለች። በየዓመቱ 12 ሚሊዮን ያህል ልጃገረዶች 18 ዓመት ሳይሞላቸው ይዳራሉ፤ ሁሉም በረሃብ ምክንያት ባይሆንም ችግር ብዙዎቹን ይገፋቸዋል። ሰውነቷ ሳይጠና፣ ደሟ አንሶ ታረግዛለች፤ ጉዳቱም ማኅፀኗ ላለው ይተርፋል። በፍቅር ያካፈለችውን እግዚአብሔር ያያታል፤ እርሷን አልነቅፍም። እርሷ እየተራበች «ትሑት ናት» እያለ ጠግቦ የሚነሣውን ግን እገሥጻለሁ።

ጌታችን ከሞት ያስነሣት የኢያኢሮስ ልጅ 12 ዓመቷ ነበር። በዚያ የነበሩት በመገረም ደርቀው ሳሉ፣ እርሱ የምትበላውን እንዲሰጧት አዘዘ (ማር. 5፥43)። እናትና አባቷ እንኳ ያላሰቡትን እርሱ አሰበላት። የልጅ ረሃብ ጽድቅ ቢሆን ኖሮ ይህን ባላዘዘ ነበር።

በሚቀጥለው ስትሰበሰቡ ያን ክር ይዘሽ ሂጂ። ከጸሎቱ በፊት በየእጃቸው አዙሪው፤ ኢሳይያስ 58ን አንብቡ፤ ከዚያም በጾሙ ከማዕዳችሁ የቀነሳችሁትን ሰብስባችሁ፣ የተጎዱ ሕፃናትን ለሚያክሙ ስጡ።