ፕለጊኑ እምቢ አለኝ ላላችሁኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ «ጫንኩት፣ አልሠራ አለኝ»። ከመልሱ በፊት አንድ ነገር ላጥራ። ፕለጊን የሚለው ቃል በሁለት ነገሮች ላይ ተደርቧል። አንደኛው እንደ ፍላሽ (ፋይል መያዣው ሳይሆን የድረ ገጽ ተንቀሳቃሽ ምስል ማጫወቻው) እና ጃቫ ያለው የድሮው ዓይነት ሲሆን፣ ብራውዘሩ (እንደ ክሮምና ፋየርፎክስ ያለው የድረ ገጽ መክፈቻ) በራሱ የማይችለውን ፋይል እንዲከፍት ከውጭ የሚሰካለት ነበር። ሁለተኛው ዛሬ ከብራውዘሩ መደብር የምናወርደው ኤክስቴንሽን ነው፤ የክሮም አማርኛ «ቅጥያ» ይለዋል። የመጀመሪያው ሞቶ ተቀብሯል። ሁለተኛው በሕይወት አለ፤ ሲያምፅ ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የራሱ አይደለም።

«ጋሼ፣ ደብረ ሲና በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል እሠራለሁ። የፊዚክስ ማሳያዎች ያሉበት የድሮ ሲዲ አለን። ስከፍተው የእንቆቅልሽ ቁራጭ የመሰለ ምልክት ይመጣና እንዳነቃው ይጠይቀኛል። ብጫን ብጫን ለውጥ የለም።»

ጣትዎን ያሳርፉ። ያ ምልክት ባለቤቱ የለቀቀው ቤት ደጃፍ ላይ የቀረ ደወል ነው። ማሳያዎቹ የተሠሩት በፍላሽ ነው፤ የፍላሽ ባለቤት አዶቤ ድጋፉን ያቆመው ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ከዚያው ዓመት ጥር 4 ጀምሮ ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ የፍላሽ ይዘት አላጫውትም እንዲል አድርጎታል። ክሮምም ፋየርፎክስም ነቅለው አውጥተውታል። ስለዚህ የሚነቃ ነገር የለም።

ሲዲውን ግን አይጣሉት። ሩፍል የሚባል ነፃ ፕሮግራም የፍላሽን ሥራ አስመስሎ ይሠራል፤ እንደ ኤክስቴንሽንም ሆነ ለብቻው ኮምፒውተር ላይ ሊጫን ይችላል። ቀደም ባለው የፍላሽ ቋንቋ የተሠሩትን ማሳያዎች ደህና አድርጎ ያጫውታል፤ በኋለኛው የተሠሩት ላይ ግን አልፎ አልፎ ይደናቀፋል። «አዲሱን ፍላሽ ማጫወቻ አውርዱ» የሚል መስኮት ብቅ ካለብዎ ዝጉት። አዲስ የሚባል ፍላሽ የለም፤ የሚወርድልዎ ሌላ ነገር ነው።

«ሸዋ ሮቢት የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። ለትርጉም የሚሆን ኤክስቴንሽን ጫንኩ። ምልክቷ ከላይ ትታያለች፤ ስነካት ትሽከረከራለች እንጂ አትከፈትም። አንዳንድ ድረ ገጾችም እምቢ እያሉኝ ነው። የጠራሁት ባለሙያ ፎርማት ይደረግ ይላል። የስክሪኑን ፎቶ ልኬልዎታለሁ።»

እህቴ፣ ባለሙያውን ለጊዜው ያቆዩት። ፎርማት፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ጠራርጎ እንደ አዲስ መጫን፣ በእኛ አገር ለራስ ምታቱም ለቁርጠቱም የሚታዘዝ አንድ ክኒን ሆኗል። እኔም በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ የሁለት ዓመት ፎቶ አጥቻለሁ።

ፎቶዎን ስመለከት ዓይኔ የሄደው ወደ ኤክስቴንሽኗ ሳይሆን ከታች በስተቀኝ ወዳለው ጥግ ነው። ዓመቱ 2017 ይላል። ደረሰኝ ላይ የሚጽፉት ዓመት ይኸው ስለነበር ኮምፒውተሩንም ያስተካከሉት መስሎዎት ነው። ኮምፒውተሩ ግን ያንን ዓመት የሚያነበው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነውና ስምንት ዓመት ወደኋላ ወስደውታል። ድረ ገጾችም ሆኑ ኤክስቴንሽኗ የምትገናኘው ሰርቨር (በኢንተርኔት የሚያገለግላት ሩቅ ኮምፒውተር) ማንነታቸውን የሚያሳዩበት የምስክር ወረቀት አላቸው፤ በላዩም ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ተጽፎበታል። ቀበሌ ገብተው ከስምንት ዓመት በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ቢያቀርቡ ማን ይቀበልዎታል? ብራውዘሩም አልቀበልም አለ። በሥራው አልፈርድበትም።

ሰዓቱን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ ይመልሱ። ሰዓቱም እንደዚያው፤ ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን 12 ሊል ይገባል። የሰዓት ቀጠና ሲጠይቅዎ ዊንዶውስ ውስጥ አዲስ አበባን ፈልገው አያገኟትም፤ «ናይሮቢ» የሚለውን ይምረጡ፣ ሰዓታችን አንድ ነው። ከዚያ ብራውዘሩን ዘግተው ይክፈቱት።

ወደፊት ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሲከፍቱት ቀኑ በራሱ ወደ ድሮ ዓመት እየተመለሰ ካስቸገረዎ፣ ጥፋቱ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ የተቀመጠችው የሳንቲም መሳይ ባትሪ ነው። ማታ ሶኬት ነቅሎ የሚሄድ ሰው ቶሎ ይጨርሳታል። ላይዋ ላይ ሲአር 2032 ይላል። ቁጥሩ ባትሪዋ የምትበላሽበት ዓመት አይደለም፤ ስፋቷ 20፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ከፎርማት ዋጋ ጋር አትወዳደርም።

በቀን የሚሳሳቱት እርስዎ ብቻ እንዳይመስልዎት። የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ አንድ የምስክር ወረቀት ሳያድስ ቀርቶ፣ በ2011 ዓ.ም. በድል ቀን ዋዜማ፣ ሚያዝያ 26 ሌሊት፣ በዓለም ዙሪያ የተጠቃሚዎቹ ኤክስቴንሽኖች ይጠፉ ጀመር። አንዳንዱ ሰው ያን ጊዜ የተገላገለው እርስዎ ሳያስቡት ባደረጉት ዘዴ ነው፤ የኮምፒውተሩን ቀን ወደኋላ መልሶ።

«መሐል ሜዳ ተማሪ ነኝ። ስልኬ ላይ ክሮም አለ፤ ኤክስቴንሽን መጨመሪያውን አጣሁት።»

ልጄ፣ አልጠፋብህም፤ የለም። የአንድሮይድ ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። ፋየርፎክስን አውርድ፤ ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በስልክም በሩን በሰፊው ከፍቷል።

«ማስታወቂያ የሚከለክልልኝ ዩብሎክ ኦሪጅን በድንገት ጠፋ። ክሮም ከእንግዲህ አይደገፍም ይለኛል። ከደብረ ብርሃን።»

ጎረቤቴ፣ ጎግል ኤክስቴንሽኖች የሚሠሩበትን ደንብ ማኒፌስት 2 ከሚባለው ወደ ማኒፌስት 3 ቀይሮ አሮጌውን አስወጥቷል። ምክንያቱ ደኅንነትና ፍጥነት ነው ይላል። ከማስታወቂያ የሚኖር ኩባንያ የማስታወቂያ ከልካዩን ጉልበት የሚቀንስ ደንብ ሲያወጣ ግን ጥርጣሬዬን ኪሴ ውስጥ አልከተውም። ላይት የሚባለው ቀለል ያለው ዝርያ በክሮም ይሠራል፤ አቅሙ ግን እንደ ታላቁ አይደለም። ሙሉውን ከፈለጉ ፋየርፎክስ ላይ ያገኙታል።

«የመሥሪያ ቤቴ ኮምፒውተር ላይ የኤክስቴንሽኑ ማብሪያ ደብዝዞ አልነካ ይላል።»

የክሮምን ሦስት ነጥቦች ተጭነው የዝርዝሩን ግርጌ ይመልከቱ። በድርጅትዎ የሚተዳደር መሆኑን ከነገረዎ የዘጋው የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ነው፤ እሱን ያስፈቅዱ። ይኸው ጽሑፍ ማንም በማያስተዳድረው የቤትዎ ኮምፒውተር ላይ ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያልታወቀ ፕሮግራም ሾልኮ ገብቶ ሊሆን ይችላልና በቅርቡ የጫኑትን ሁሉ ይፈትሹ።

«ኤክስቴንሽኑ በተለመደው መስኮት ይሠራል፤ ማንነት በማያሳውቀው (ኢንኮግኒቶ) መስኮት ግን አይታይም።»

ሳይፈቀድለት እዚያ አይገባም። የኤክስቴንሽኑን ዝርዝሮች ከፍተው ማንነት በማያሳውቀው ውስጥ እንዲሠራ የሚፈቅደውን ማብሪያ ያብሩለት።