ለደብረ ብርሃን የባዮሎጂ ተማሪዎች፦ ስለ ገቺ ፕሮቲንና ስለ ብርዱ

ልጆቼ፣

ሪፕሬሰር ወይም ገቺ ፕሮቲን ሲባል ብዙዎቻችሁ ደብተር ላይ የምትስሉት ዲኤንኤ ላይ የተጋደመ ድንጋይ ነው። ካለ ጂኑ ዝም ይላል፣ ከተነሳ ይሠራል። ለፈተና ያ ይበቃ ይሆናል። ቤተ ሙከራ ስትገቡ ግን ፕሮቲኑ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ተመልሶ ይይዛል። «ያዘ ወይ?» ከማለት «ከመቶው ጊዜ ስንቱን ይዞ ይቆያል?» በሉ።

ኢ. ኮላይ በተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ውስጥ ላክቶስ (የወተት ስኳር) የሚያስበሉትን ጂኖች የሚገታውን የላክ ሪፕሬሰር ተመልከቱ። ዣኮብና ሞኖ የተባሉ ተመራማሪዎች ጂንን የሚገታ ነገር አለ ብለው በ1961 እ.ኤ.አ. ያቀረቡትን ሐሳብ ተከትሎ፣ ጊልበርትና ሙለር-ሂል በ1966 ፕሮቲኑን ለይተው አወጡት። እያንዳንዳቸው 360 አሚኖ አሲድ ያላቸው አራት ክፍሎች፣ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ። የአንዱ ጥንድ ራሶች ኦፕሬተሩ (ገቺው የሚይዘው የዲኤንኤ ቦታ) ላይ በዲኤንኤው ሰፊ ቦይ ገብተው የቤዞቹን ጠርዝ ያነባሉ፤ አንገታቸው በጠባቡ ቦይ ገብቶ ዲኤንኤውን ያጎብጠዋል። አንድ ሴል ያለው አሥር ያህል ብቻ ሲሆን፣ የሚፈልጉት ቦታ ደግሞ 4.6 ሚሊዮን ቤዝ ጥንድ ውስጥ ነው። እንዴት ያገኙታል? በኤሌክትሪክ ሙል ስበት የትም ላላ ብለው ተለጥፈው ይንሸራተታሉ። ሌላው ጥንድ ደግሞ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ኦፕሬተር ይዞ ዲኤንኤውን እንደ ቀለበት ያጥፈዋል። እነዚያን ሁለቱን ብታጠፉ፣ ዋናው ኦፕሬተር ሳይነካ እንኳ ግታቱ ከ50 እጥፍ በላይ ይዳከማል። ብዙ ተማሪ የሚዘለው ይህን ነው።

የሚያስለቅቀውም ላክቶስ ራሱ አይደለም፤ ሴሉ በቤታ ጋላክቶሲዴዝ ከላክቶስ የሚሠራው አሎላክቶስ ነው። ኢንዛይሙ የሌለው ዝርያ ላክቶስ ቢሰጡት አይነቃም፣ አሎላክቶስን ተክቶ የሚያስለቅቀውን ሰው ሠራሽ ኬሚካል፣ አይፒቲጂን ስጡት። መኖው ውስጥ ግሉኮስ ካለ ደግሞ ሪፕሬሰሩ ቢለቅም ጂኑ ደካማ ሆኖ ይቀራል።

መያዙን በጄል ስታዩ (ፕሮቲን የያዘው ዲኤንኤ ቀስ ብሎ ይሄዳል)፣ ምልክት የተለጠፈበትን ዲኤንኤ መጠን ከመያዣ ቋሚው (ኬዲ፣ ግማሹ ዲኤንኤ የሚያዝበት የፕሮቲን መጠን) ቢያንስ አሥር እጥፍ አሳንሱ። ካበዛችሁት የምትለኩት ጥብቀቱን ሳይሆን የፕሮቲኑን ብዛት ነው። ፕሮቲኑን በእጥፍ እያቀጠናችሁ 20 ደቂቃ አቆዩ። ፕሮቲን የሚፈታው ሳሙና ኤስዲኤስ አይገባም፣ ናሙናው አይፈላም። ጨው ሲበዛ መያዙ ይላላል፣ ሲያንስ የትም ይለጠፋል። ስለዚህ ምልክት ያልተለጠፈበት ኦፕሬተር 100 እጥፍ ስትጨምሩ የተያዘው ዲኤንኤ ባንድ (ጄሉ ላይ ያለው መስመር) መጥፋት፣ የተበላሸ ኦፕሬተር ስትጨምሩ ደግሞ መቆየት አለበት። ሁለቱም ካጠፉት የያዛችሁት ልዩ መያያዝ አይደለም።

አሁን ወደ ብርዱ። መመሪያው «በክፍል ሙቀት» ሲል ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ማለቱ ነው፤ የጥቅምት ጠዋት የእናንተ ክፍል ግን እዚያ አይደርስም። የመያዣ ቋሚው በሙቀት ስለሚለወጥ ቴርሞሜትር አስቀምጡና ቁጥሩን ጻፉ። ጄሉ የሚሠራበት አክሪላማይድም በብርድ ቀስ ብሎ ነው የሚረጋው፤ ታገሡት እንጂ ማርጊያውን አትከምሩበት፤ ሳይረጋ መርዝ ነውና ጓንት አይውለቅ። ሁለቱን የዲኤንኤ ዘርፎች ለማጣመር በፈላ ውሃ ስትጠቀሙም በእናንተ ከፍታ ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ለ30 ቤዝ አጭር ዲኤንኤ ይበቃል፤ ሪፖርት ላይ 95 ብላችሁ አትጻፉ እንጂ።

ጄሉ እየሄደ መብራት ከጠፋ፣ ሲመለስ አትቀጥሉ። ባንዶቹ ይሰፋሉ፣ የተያዘውም ይለቃል፤ ጣሉትና ሌላ አፍስሱ።