በተገጣጣሚ ግንባታ ላይ ለመመራመር ከፈለግሽ መጋጠሚያውን ያዢ

እህቴ፣ ለማስተርስ መመረቂያሽ በተገጣጣሚ ግንባታ፣ ማለትም የሕንፃው ክፍሎች ፋብሪካ ውስጥ ተሠርተው ሳይት ላይ በሚገጣጠሙበት አሠራር ላይ መሥራት እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። ምርምሩ አሁን ወዴት እያደላ እንደሆነና ምን ርዕስ ቢያዝ እንደሚሻልም ጠይቀሻል። በፕሪካስት (ቀድሞ የሚሞላ ኮንክሪት) ፋብሪካም በሳይትም ዓመታት ስላሳለፍኩ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አብዛኛው ጽሑፍ የሚያወራው ስለ ጥቅሙ ነው። ጊዜ ይቆጥባል፣ ብክነት ይቀንሳል፣ ጥራቱን መቆጣጠር ይቀላል። እውነት ነው። ሳይት ላይ መሠረት ሲቆፈር ፋብሪካ ውስጥ ግድግዳ ይሞላል፤ ጊዜ የሚተርፈው ከዚህ ነው። ግን ይህንኑ በድጋሚ የሚያረጋግጥ ጥናት ለማን ይጠቅማል? መጠይቅ በትነሽ «የመነሻ ወጪው ከፍተኛ ነው» የሚል መልስ ይዘሽ መመለስም እንደዚያው ነው። ያ መንገድ ተጨናንቋል።

አንድ ገጠመኝ ልንገርሽ። የግድግዳ ፓነል እየገጠምን ነበር። ከታችኛው ፓነል የወጡት ፌሮዎች ከላይኛው ስሊቭ ጋር አልገጥም አሉ። ስሊቭ የምለው ኮንክሪቱ ውስጥ የሚቀበረውን የብረት ቱቦ ነው፤ ፌሮው ይገባበትና ክፍተቱ ግራውት በሚባል ቀጭን የሲሚንቶ ድብልቅ ይሞላል። ልዩነቱ የጣት ውፍረት አይሞላም። ፓነሉ ክሬን ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሁሉም ይጣደፋል። አንድ ሠራተኛ ፌሮውን በቱቦ ማጉበጥ ጀመረ። አስቆምኩት። ባላየው ኖሮስ? ግራውቱ ከተሞላ በኋላ ማንም አያውቅም ነበር። ፓነሉ ፋብሪካ ውስጥ ተለክቶና ተፈትሾ ነው የወጣው። ሕንፃውን አንድ የሚያደርገው ቦታ ግን የሚሠራው በጥድፊያ ነው፣ ያውም ከዓይን ተሰውሮ።

ለንደን ውስጥ ሮናን ፖይንት የሚባል ባለ 22 ፎቅ ሕንፃ ነበር፤ ከትልልቅ የኮንክሪት ፓነሎች የተገጣጠመ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1968 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) 18ኛው ፎቅ ላይ ጋዝ ፈነዳና የሕንፃው አንድ ማዕዘን ተናደ። 4 ሰዎች ሞቱ። ፍንዳታው ግድግዳውን ገፍቶ ሲያወጣው፣ ከላይ ያለው ጭነት የሚሄድበት ሌላ መንገድ አልነበረውም። ፓነሎቹን እርስ በርስ የሚያስረው ነገር ደካማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ፓነሎችን በፌሮ አግድምና ሽቅብ ማሰር በዲዛይን ሕጎች ትልቅ ቦታ ያገኘው። ይህን የምነግርሽ ተገጣጣሚን እንድትፈሪ አይደለም። በ1988ቱ የአርሜኒያ የመሬት መንቀጥቀጥ በተገጣጣሚ ኮለንና ቢም (ምሰሶና አግዳሚ ተሸካሚ) የተሠሩ ሕንፃዎች በብዛት ሲፈርሱ፣ በትልልቅ ፓነል የተሠሩት ግን በአብዛኛው ቆመዋል። ሁለቱም ተገጣጣሚ ናቸው። የለያቸው የመዋቅራቸው ዓይነትና አያያዛቸው ነው።

አሁን ካሉት አቅጣጫዎች እኔን በጣም የሚማርከኝም ከዚሁ የተነሣ ነው። በ1990ዎቹ የአሜሪካና የጃፓን ተመራማሪዎች አብረው ሠርተው፣ በ1999 ሳን ዲዬጎ ላይ ባለ 5 ፎቅ ተገጣጣሚ ሕንፃ በላብራቶሪ ፈትነዋል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ቢሙና ኮለኑ በተወጠረ የብረት ገመድ ይያያዛሉ፤ ገመዱ ከኮንክሪቱ ጋር አልተጣበቀም። መሬት ሲናወጥ መጋጠሚያው ከፈት ይላል፣ ከዚያ ገመዱ ጎትቶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ ሕንፃውም ዘምሞ አይቀርም። እዚህ ላይ መጋጠሚያው እንዲንቀሳቀስ ታስቦ የተሠራ ክፍል ሆነ ማለት ነው።

ሌላው አቅጣጫ ምርመራ ነው። ግራውቱ በደንብ መሙላቱን በአልትራሳውንድ፣ በኤክስሬይ ወይም በቀጭን ካሜራ ለማየት የሚሞክሩ አሉ። ፓነሉ መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት በሌዘር ስካን አንስቶ ከዲጂታል ሞዴሉ ጋር ማስተያየትም አለ። BIM (የሕንፃ መረጃ ሞዴል) የሚባለው አሠራር ለእኔ እዚህ ጋር ነው ዋጋ የሚኖረው። በእንጨትም ብዙ እየተሠራ ነው፤ በ2019 የተጠናቀቀው የኖርዌዩ ምዮስቶርኔት 85.4 ሜትር ይረዝማል፣ የእንጨት ተሸካሚዎቹ የተያያዙት ውስጣቸው በገባ የብረት ሳህንና ዘንግ ነው። ሕንፃው ዕድሜው ሲያልቅ ተፈትቶ ክፍሎቹ እንደገና እንዲያገለግሉ የሚጥረው ምርምርም ዞሮ ዞሮ የሚፈታ መጋጠሚያ ፍለጋ ነው።

እኔ አንቺን ብሆን አንድ የስሊቭ ዓይነት ብቻ እይዝ ነበር። ናሙናዎቹ ላይ ጉድለቱን ሆን ብለሽ ፍጠሪ፦ በግማሽ የተሞላ፣ ፌሮው ከመሃል የሸሸ፣ ፌሮው የጎበጠ። መጀመሪያ ሳትሰብሪ መርምሪያቸው፣ ከዚያ እስኪበጠሱ ወይም እስኪነቀሉ ጎትቻቸው። የመጎተቻ ማሽን ብዙ ላብራቶሪ ውስጥ አለ። ጥያቄሽ «መሣሪያው ያላየው ጉድለት ጥንካሬውን ምን ያህል ይቀንሳል?» ይሁን። ሳይት ላይ ያለ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ይህንን ነው።

ሳይት መግባት ከቻልሽ ደግሞ ሜትርሽን ይዘሽ የፌሮዎቹን መዛነፍ አንድ በአንድ ለኪ። ስህተቱ ከፋብሪካው ካሳፎርማ ይምጣ ወይስ ከሳይቱ ልኬት፣ ለየብቻ መዝግቢው። ማሽንሽ ስንት ኪሎኒውተን እንደሚጎትት ከጻፍሽልኝ የፌሮውን ዲያሜትር አብረን እንመርጣለን።