ችግሩ ሙያው ነው ወይስ ሄድ ነርሷ?

ከኮምቦልቻ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ለአንባቢ ባጭሩ ልንገር። በቀዶ ሕክምና ዋርድ የምትሠሪ ባለ ዲግሪ ነርስ ነሽ። ሄድ ነርሷ፣ ማለትም የዋርዱ ነርሶች አለቃ፣ በሽተኛና አስታማሚ ፊት ትጮህብሻለች። ድሮ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ) በአንድ ሙከራ ታስገቢ ነበር፤ አሁን እሷ አጠገብሽ ከቆመች እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ማታ ተረኛ ሐኪም መጥራት ትፈሪያለሽ። እናትሽ "አደብ ይዘሽ ዝም በይ" ይሉሻል። ወንድምሽ "ሳዑዲ ሂጂ" ይልሻል። አንቺ ደግሞ "ለነርስነት አልተፈጠርኩም መሰለኝ፣ ማስተርስ ጀምሬ ልውጣ?" ትያለሽ።

አብሽሪ። ግን "አልተፈጠርኩም" ባልሽው አልስማማም።

በራስ መተማመንን ሰው ከእናቱ ማህፀን ይዞት እንደሚወጣ ነገር እናወራዋለን። አንዱ አለው፣ ሌላው የለውም፤ የሌለው ሞቲቬሽን ቪዲዮ ይይ። ይሄ ያናድደኛል። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ሰው "እችላለሁ" የሚለውን እምነት ከአራት ቦታ እንደሚያገኘው ጽፎ ነበር። ራሱ ሠርቶ ሲሳካለት፣ እንደሱ ያለ ሰው ሲሳካለት ሲያይ፣ ሌላ ሰው ሲያበረታታው፣ አራተኛው ደግሞ ሰውነቱ ከሚነግረው፤ ልቡ እየመታ እጁ ከተንቀጠቀጠ "አልችልም" ይላል። እስኪ ዋርድሽን አስቢው። ፕሮግራም የምታወጣው ማን ናት? ከየትኛዋ ሲኒየር ጋር እንደምትገቢ የምትወስነው? "ጎበዝ" ብትልሽ ቀንሽ የሚበራው፣ ኮቴዋን ስትሰሚ ልብሽ የሚመታው በማን ነው? አራቱም በአንድ ሰው እጅ ላይ ናቸው። ታዲያ ጥፋቱ እንዴት የተፈጥሮሽ ይሆናል?

ኮስታራ አለቃ ሁሉ መጥፎ ናት ማለቴ አይደለም። ደሴ ነርስ ሳለሁ በጣም ኮስታራ ሄድ ነርስ ነበረችን። ስትቆጣ ግን በር ዘግታ ነበር። በማግስቱ ያንኑ ሥራ መልሳ ትሰጥሽና አጠገብሽ ትቆማለች። ከሷ ዋርድ የወጣ ነርስ የትም አይፈራም። ቢሮዋ ተቀምጣ ፊርማ ብቻ የምታስቀምጠውም ብትሆን ጀማሪን ትጎዳለች፤ ልክ መሥራትሽን የሚነግርሽ የለማ።

አሁን ወደ እናትሽ ምክር ልምጣ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ምክር ለዋርድ አይሆንም። ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የነርሶችን ቡድኖች አጥንታ ነበር። ጥሩ የሚመሩት ቡድኖች የመድኃኒት ስህተታቸው ያነሰ ይሆናል ብላ ጠበቀች። ቁጥሩ ተገልብጦ መጣ። ነገሩ ሲመረመር እነዚያ ነርሶች ስህተታቸውን ሳይፈሩ ይናገሩ ነበር፤ የሌሎቹ ይደበቅ ነበር። ለሽማግሌ ዝም ማለት በቤታችን ያስከብር ይሆናል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደም ግፊቱ እየወረደ ላለ በሽተኛ ግን የነርሷ ዝምታ ሊገድለው ይችላል።

ሄድ ነርሷም ከላይ ጫና አለባት፣ አውቃለሁ። አልጋው፣ ዕቃው፣ ሪፖርቱ በሷ ላይ ነው። ከ2014ቱ ጦርነት ዝርፊያ ወዲህ ደግሞ የወሎ ሆስፒታሎች ብዙ ጎድሎባቸዋል። ይህ ድካሟን ያስረዳል እንጂ ሰው ፊት መጮህን አይፈቅድም።

መጀመሪያ ለብቻዋ አነጋግሪያት። "ሲስተር፣ ስሳሳት ጠርተው ለብቻዬ ይንገሩኝ፤ ሰው ፊት ሲሆን እጄ ይያዛል" በያት። አታልቅሺ፣ አትክሰሺያትም። ሌሊት ለሐኪም ከመደወልሽ በፊት ደግሞ ደም ግፊቱን፣ የልብ ምቱን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደተለወጠና ሐኪሙ ምን እንዲያዝልሽ እንደምትፈልጊ ወረቀት ላይ ጻፊና እያነበብሽ ተናገሪ። ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ወረቀቱ አይንቀጠቀጥም። ካልተለወጠች ወደ ሌላ ዋርድ እንድትዛወሪ የሆስፒታሉን ነርሶች ኃላፊ፣ ማትሮኗን፣ ጠይቂ። እኔም ዋርድ ቀይሬ ነው ያገገምኩት፤ ወደ ሥልጠና ሥራ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። እጅሽ በሌላ ዋርድም፣ በሌላ አለቃ ሥር ከተንቀጠቀጠ ያኔ ስለ ሙያው እናውራ።

ማስተርስ ለመሸሻ አይጀመርም፤ ይቆይ።

ሳዑዲን በተመለከተ፣ ወንድምሽ በነርስነት ነው ወይስ በቤት ሠራተኝነት ሂጂ የሚልሽ? አልጻፍሽልኝም፤ ወሎ ውስጥ ግን መልሱን እንገምተዋለን። ደመወዝሽ አይበቃም፣ እውነት ነው። ቢሆንም ያስተማረሽ ቤተሰብ ዲግሪሽን አጣጥፈሽ የሰው ቤት እንድታጸጂ ሊጠይቅሽ አይገባም። በነርስነት መሄድ ከፈለግሽ እዚያ ያሉ ሆስፒታሎች የሥራ ልምድና የፈቃድ ፈተና ይጠይቃሉ። ስለዚህ ሥራውን ተናደሽ እንዳትለቂ።

የዝውውር ማመልከቻሽን በሁለት ቅጂ ጻፊ። አንዱን መዝገብ ቤት ስትሰጪ ሌላው ላይ ቀንና ማህተም አስመትተሽ ቤትሽ አስቀምጪ።