10 ጊጋኸርዝ እንዲያግድ የተሠራ ዌቭጋይድ ለምን 12 ላይ አገደ?

ጥያቄዎ ይህ ነው፦ 10 ጊጋኸርዝን የሚያግድ ማጣሪያ ፈልገው፣ ውስጡ 22.86 በ10.16 ሚሊሜትር የሆነ ዌቭጋይድ (የሬዲዮ ሞገድን የሚመራ ባዶ የብረት ቱቦ) ቁመቱ በየ15 ሚሊሜትሩ ጠበብ ሰፋ እንዲል አድርገው አሠሩ። ሲለኩት ግን 10 ጊጋኸርዝ ያለ ችግር ያልፋል፤ እገዳው የታየው 12 አጠገብ ነው። አሠራሩ ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም። ችግሩ ያለው 15 በሚለው ቁጥር ላይ ነው። በ10 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት በአየር ላይ 30 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ግማሹን ወሰዱ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚሁ ነው። በዌቭጋይድ ውስጥ ግን ሞገዱ ከጎን ግድግዳ ወደ ጎን ግድግዳ እየነጠረ ስለሚጓዝ፣ በቱቦው አቅጣጫ ሲለካ ይረዝማል። የእርስዎ ዌቭጋይድ ከ6.557 ጊጋኸርዝ በታች ምንም አያሳልፍም። 6.557ን ለ10 ያካፍሉ፣ ውጤቱን በራሱ አባዝተው ከ1 ይቀንሱ፣ የቀረውን ስኩዌር ሩት ይውሰዱ፤ 0.755 ይሆናል። 30ን ለዚህ ሲያካፍሉት 39.7 ሚሊሜትር ይመጣል። ከየመጥበቢያው የሚመለሱት ትናንሽ ነጸብራቆች መጀመሪያ እርስ በርስ የሚደጋገፉት የአንዱ ዙር ርዝመት (ከአንዱ መጥበቢያ እስከ ቀጣዩ) የዚህ ግማሽ ሲሆን ነው፤ ማለትም 19.85 ሚሊሜትር።

አሁን ወደ ኋላ ያስሉት። በውስጥ ያለው ሞገድ 30 ሚሊሜትር የሚሆነው በ11.95 ጊጋኸርዝ ነው። መሣሪያዎ ያሳየዎት ይህንኑ ነው።

የተሠራውን ለማዳን አይድከሙ። በአየር በተሞላ ዌቭጋይድ ውስጥ ሞገዱ ምንጊዜም ከአየር ላይ ርዝመቱ ስለሚበልጥ፣ ስፋቱን ቢቀይሩም በ10 ጊጋኸርዝ ወደ 30 አያወርዱትም። በቴፍሎን ቢሞሉት ደግሞ እገዳው ከሚፈልጉት አልፎ 8.25 አካባቢ ይወርዳል። አዲስ ያሠሩ።

ሲያሠሩ ቁመቱን መለዋወጥዎን አይተዉ፤ ጥሩ ምርጫ ነው። የዋናው ሞድ (ሞገዱ በቱቦው ውስጥ የሚጓዝበት መሠረታዊ ቅርጽ) መነሻ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ከላይ ያየነው 6.557፣ የሚወሰነው በስፋቱ ብቻ ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ሆኖ ይቀራል፤ ስፋቱ ቢለዋወጥ ግን መነሻው ራሱ በየቦታው ይቀያየራል። የሚታገደው ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) ሰፊ እንዲሆን ከፈለጉ ልዩነቱን ያጉሉ፤ እገዳው ይበልጥ እንዲጠነክር ከፈለጉ ዙሮቹን ያብዙ። ልዩነቱ ሲጎላ እገዳው ካሰሉት ቦታ ሊሸሽ ስለሚችል፣ ብረቱን ከማስቆረጥዎ በፊት በሲሙሌሽን አይተው ዙሩን ያስተካክሉ። በሁለቱም ጫፍ ያሉትን ጥቂት ዙሮች ደግሞ ቀስ በቀስ ያሳንሷቸው፤ አለዚያ በሚያልፈው ባንድ ላይ የማይፈልጉት ሞገድ መሳይ መውጣትና መውረድ ይታያል።

ሲለኩ የሚያልፈውን ብቻ አይመልከቱ። በእውነተኛ እገዳ ኃይሉ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተንጸባርቆ ይመለሳል። ሳያልፍም ሳይመለስም የጠፋ ኃይል ካለ፣ መጀመሪያ የፍላንጁን (ዌቭጋይዱ ከሌላው ጋር የሚገጠምበትን ጠርዝ) ብሎኖችና የመጋጠሚያውን ገጽ ይፈትሹ።