«አገሬ አማረኝ» ወይስ «አገሬ ማረኝ»?

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር የቆዩ የካሴት ዘፈኖችን እየሰማን ግጥማቸውን በጽሑፍ እናሰፍራለን። አንድ ስንኝ ላይ ግን ተለያየን። እኔ «አገሬ አማረኝ» እሰማለሁ፤ ጓደኛዬ ደግሞ «አገሬ ማረኝ» ነው ብላ ድርቅ አለች። ደጋግመን ብንሰማውም አልተግባባንም። በምን እንለየው? የገዛ ቋንቋችን ሲዘፈን ለምን እንዲህ ያሳስተናል?

መልስ፦ የሁለታችሁም ጆሮ ደኅና ነው። «አገሬ» በ«ኤ» ያበቃል፤ «አማረኝ» በ«አ» ይነሣል። ሁለት አናባቢዎች ሲጋጠሙ አማርኛ አንዱን መዋጥ ይወዳል፤ «ስለ አንቺ» «ስላንቺ»፣ «የእኔ» «የኔ» የሚሆኑት ለዚህ ነው። ዘፋኝ ደግሞ በአንድ ትንፋሽ ቃልን ከቃል ስለሚያያይዝ ከተናጋሪ ይበልጥ ይውጣል። «አ» ከተዋጠች በኋላ ሁለቱን የሚለያቸው የ«ማ» መጥበቅና መላላት ብቻ ነው። በ«አማረኝ» ትጠብቃለች፤ በ«ማረኝ» ትላላለች። ልዩነቱ ከንፈር ተገጥሞ የሚቆይባት ቅጽበት ናት።

ይህችን ቅጽበት ዜማው በቀላሉ ያጠፋታል። ፈጣን ምት የጠበቀውን ያላላል፤ የተጎተተ ዜማ የላላውን የጠበቀ ያስመስላል። ፊደላችንም አይረዳንም፤ «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉም «ገና ነው» የምንለውም አንድ ናቸው፤ «ዋና» መዋኘትም ነው፣ ተቀዳሚም ነው። ስናነብ ዐውዱ ይለይልናል፤ ስንሰማ መጥበቁ ይለይልናል፤ በዘፈን ግን መጥበቁ ሲደበዝዝ ዐውዱ ብቻውን ይቀራል።

ብዙዎች መፍትሔው ፍጥነቱን መቀነስ ይመስላቸዋል። እስከ 75 በመቶ ድረስ ጥሩ ነው፤ የቃላቱ ድንበር ይታያል። ግማሽ ላይ ከደረሳችሁ ግን ተነባቢው ሁሉ ስለሚረዝም የላላው በሙሉ የጠበቀ ይመስላል። ስለዚህ መጥበቅን በዋናው ፍጥነት ብቻ ፍረዱ፤ ያውም ከዚያው ዘፈን እርግጠኛ ከሆናችሁበት ቃል ጋር እያመሳከራችሁ። ዘፋኙ «እናቴ» የሚልበት ቦታ ካለ «ና» መጥበቋ የታወቀ ነው፤ እሷን ስሙና ወዲያው ወደ «ማ» ተመለሱ። ሌላው ነገር፣ እያንዳንዱ ሰው የሰማውን ለብቻው ይጻፍ። አንድ ሰው «ማረኝ ነው» ካለ በኋላ የሌላው ጆሮ ወደዚያው ስለሚያዘነብል ከዚያ በኋላ የሚገኘው ስምምነት ማስረጃ አይሆንም።

ከጆሮ ይልቅ የምተማመነው በግጥሙ ልክ ነው። አብዛኛው የአማርኛ ዘፈን ግጥም በየወል ቤት ይገጠማል፤ እያንዳንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ፣ እያንዳንዱ ሐረግ 6 ቀለም፣ ማለትም በአንድ አናባቢ የሚነገር የድምፅ ክፍል፣ አለው። ለምሳሌ ያህል የሠራሁት ስንኝ ይኸውና፦

አገሬ አማረኝ መስከረም ሲጠባ
ሜዳው አደይ ለብሶ ተራራው በአበባ

ስትቆጥሩ፣ ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር ተጣብቆ የሚነበብ ሳድስ ራሱን ችሎ አይቆጠርም፦ መስ–ከ–ረም–ሲ–ጠ–ባ፣ 6። ሜ–ዳው–አ–ደይ–ለብ–ሶ፣ 6። «በአበባ» ሲነበብ «ባበባ» ስለሚሆን ተ–ራ–ራው–ባ–በ–ባ፣ አሁንም 6። አ–ገ–ሬ–አ–ማ–ረኝም 6 ነው። «አገሬ ማረኝ» ግን አ–ገ–ሬ–ማ–ረኝ፣ 5 ብቻ። እንግዲህ የእናንተን ስንኝ ጎረቤቶች ቁጠሩ። ሁሉም 6 ከሆኑ «አማረኝ» ነው፤ ገጣሚው 6 አድርጎ ጽፎታል፣ ዘፋኙ ግን አንዷን ውጦ «ሬ»ን በመጎተት ክፍተቱን ሞልቶታል። ጎረቤቶቹ 5–5 ከሆኑ ቤቱ ሰንጎ መገን ነውና የጓደኛዎ ንባብ ይበረታል። ስትቆጥሩ «አዬ»፣ «ወይ»፣ «እኮ» የመሳሰሉትን ዘፋኙ ለዜማ የጨመራቸውን አውጡ፤ እነሱ ካልወጡ ቁጥሩ ይበላሻል።

ሰዋስውም የሚለው አለው። በዘፈን አገር እንደ እናት በሴት አንቀጽ ስትጠራ፣ ይቅርታ የሚለምናት ሰው «ማሪኝ» ይላል፣ «ማረኝ» አይልም። ይህ ወደ «አማረኝ» ያደላል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። አገር በወንድ አንቀጽም ይጠራል፤ «ማረኝ» ደግሞ ልመና ሳይሆን «ይቅር አለኝ» ሊሆን ይችላል። ሌሎቹን ስንኞች ተመልከቱ፤ አንድ ቦታ እንኳ «አገሬ ሆይ አንቺ» የሚል ካለ ነገሩ አበቃ።

ካሴት የራሱ ጣጣ አለው። ካሴት ከካሴት በተገለበጠ ቁጥር ስሉ ድምፅ ይደበዝዛል፤ መጀመሪያ የሚጎዱትም «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ» ናቸው። «ቀ»ን ከ«ከ»፣ «ጠ»ን ከ«ተ» መለየትም ይከብዳል። «ቀ» እና «ጠ» ከፈነዱ በኋላ አናባቢው እስኪነሣ ድረስ ቅንጣት ዝምታ አለች፤ በቀረጻ የተጨመረ ማስተጋባት ያችን ዝምታ ይሞላታል። በዚህ ምክንያት «መጣ» «መታ»፣ «ጠፋ» «ተፋ»፣ «ቀዳ» «ከዳ» ይመስላል። እዚህ ላይ ቤት መምቻው አያድናችሁም፤ «ቀዳ»ም «ከዳ»ም በ«ዳ» ያበቃሉ። የሚያድነው የግሡ ጭራ ነው፤ የሚቀዳው ጠጅ ስለሆነ «ቀዳችልኝ» ይባላል፣ የሚከዳው ሰው ስለሆነ «ከዳችኝ» ይባላል። በሐረግ መጨረሻ የምትወድቅ «ህ»ም ትሰወራለች፤ «ቤትህ» «ቤት» ብቻ ሆኖ ይሰማል። ወንድ ወይም ሴት እየተጠራ መሆኑን የሚነግረን ብዙ ጊዜ እሷ ስለሆነች ማጣቷ ያሳዝናል።

የቦታ ስም ሌላው ወጥመድ ነው። «የጁ ቆንጆ» የሚለውን ሰምተው «የእጁ ቆንጆ» ብለው የሚጽፉ አሉ። በአነጋገር ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ፊደላችንም ስምን የሚለይበት ትልቅ ፊደል የለውም። የወሎን የጁ የማያውቅ ሰው እጅ መስማቱ አይቀርም። ያልገባችሁን ቃል በምታውቁት ከመተካት በፊት ካርታና መዝገበ ቃላት ተመልከቱ፤ አንድ የጠፋ ስም ከመቶ ትክክለኛ ስንኝ ይበልጥ የዘፈኑን አገር ይናገራል።

ሁለቱም ንባብ በልክም በሰዋስውም በሐሳብም ቢሰምርስ? ያን ጊዜ ስሕተት መፈለጉን አቁሙና ኅብረ ቃል ይሆን ብላችሁ ጠርጥሩ። ሰምና ወርቅ የለመደ ገጣሚ ቃሉን ሆነ ብሎ ለሁለት እንዲሰነጠቅ ያኖረዋል፤ በዚህም የመጥበቅና የመላላት ልዩነት ይታለፋል። «አባይ ወሰደኝ» ቢል «ባ» ጠብቃ ወንዙ፣ ላልታ ውሸታሙ ነው፤ ዘፋኙ በመሐል አድርጎ ቢላትም ጥፋት አይደለም፣ ሁለቱንም እንድትሰሙ ነው። እንዲህ ያለውን ለአንዱ መፍረድ ግማሹን ግጥም መጣል ነው።

የእናንተን ስንኝ በተመለከተ፣ ጎረቤቶቹ 6–6 ከሆኑ «አገሬ አማረኝ» ብላችሁ ጻፉ፤ ዘፋኙ ቢውጣትም «አ» በጽሑፍ ትቅር፤ «አገሬማረኝ» ብላችሁ አትግጠሙት። በረቂቃችሁ ላይ እንደ ሰዋስው መጻሕፍት ከምትጠብቀው ፊደል በላይ ነጥብ አኑሩ። የጓደኛዎን ንባብ በኅዳጉ አስፍሩት፤ ከካሴቱ የጠራ ቅጂ ሲገኝ መልሳችሁ የምታመሳክሩት እሱን ነው።