በፍላክና በኤምፒ3 መካከል ያለውን ልዩነት ጆሮ ይለየዋልን?

ጥያቄ፦ የሙዚቃ ሲዲዎቼን ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥሁ ነው። ኤምፒ3 (ከድምፁ ከፊሉን ጥሎ የሚጨምቅ የፋይል ዓይነት) ከፍላክ (ምንም ሳይጥል ከሚጨምቀው) ይልቅ ድምፁን እንደሚጎዳ ወዳጄ ነገረኝ፤ በእርግጥ ጆሮ ይለየዋልን?

መልስ፦ ኤምፒ3ው በሴኮንድ 128 ኪሎቢት (የመረጃ መጠን መለኪያ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጭመቃው ይበረታል) ከተጨመቀ፣ ልብ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው በተለይ በጭብጨባና በጸናጽል ድምፅ ላይ ብዙ ጊዜ ይለየዋል፤ ኤምፒ3 በጎላ ድምፅ ይሸፈናል ያለውን ረቂቅ ድምፅ ስለሚቀንስ፣ ድንገተኛ ምት ሲመጣ ከምቱ ቀድሞ ሻካራ ድምፅ ሊሰማ ይችላልና። በ320 ኪሎቢት ግን፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ያልተነገራቸው አብዛኞቹ አድማጮች መለየት ያቅታቸዋል። አስቀድሞ ማወቅ ጆሮን ያታልላል፤ ስለዚህ ወዳጅዎ የፍላኩንና የኤምፒ3ውን የድምፅ መጠን እኩል አድርገው፣ ስማቸውን ሸሽገው 16 ጊዜ ያጫውቱልዎ፤ 12 ጊዜ ካወቁ በግምት ነው ለማለት ያስቸግራል። ለማከማቻ ግን ፍላክን አጥብቄ እመክራለሁ፤ አንዲት ቢት ሳያጎድል የሲዲውን ግማሽ ያህል ቦታ ይይዛል፣ ኤምፒ3 የጣለው ግን አይመለስም።